ገመድና መዝገብ፤ የቅየሳና የንግድ ሥራ ቃላት በአማርኛ

በልዩ ልዩ አገሮች በሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች የመሬት ቅየሳን ከንግድ ሥራ ትምህርት ጋር አጣምሮ ማጥናት የተለመደ ነው። ተማሪው በአንድ በኩል ርቀትን፣ ማዕዘንንና ከፍታን መለካት፣ ወሰን መለየትና ካርታ መንደፍ ይማራል፤ በሌላ በኩል የሒሳብ አያያዝን፣ የውል ሕግን፣ የንብረት ግምትንና የሥራ አመራርን ያጠናል። በሜዳ ላይ መሣሪያ ተክሎ የሚውለውንና በጠረጴዛ ላይ መዝገብ ዘርግቶ የሚውለውን ሰው ምን ያገናኛቸዋል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ነገሩን በቋንቋ በኩል ስንመለከተው ግን የሁለቱ ሙያዎች ቃላት በአማርኛ ለረጅም ዘመን ጎረቤታሞች ሆነው፣ አንዱ ከሌላው ሲዋዋስ የኖሩ መሆናቸውን እንረዳለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ታሪክ በአጭሩ ማሳየትና ቃላቱ ሳይመረመሩ ሲተረጎሙ የሚደርሰውን ጉዳት ማመልከት ነው። የውጭ አገር ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገር ውስጦቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ጥምረቱ በዓለም ታሪክ አዲስ አይደለም። በ9ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በባግዳድ የሠራው አል-ኽዋሪዝሚ ስለ አልጀብራ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ንግድ ልውውጥ፣ ስለ ስፋት ልኬትና ስለ ውርስ ክፍፍል የሚናገሩ ክፍሎች ጎን ለጎን ይገኛሉ። ዕቃ የሚሸጥ፣ መሬት የሚለካና ርስት የሚያካፍል ሰው ከአንድ ጥራዝ ሊማር ይችል ነበር ማለት ነው። በኋላም ፊቦናቺ በሚል ስም የሚታወቀው የፒዛው ሊዮናርዶ፣ አባቱ በሰሜን አፍሪካ በቡጂያ ወደብ ለፒዛ ነጋዴዎች በጉምሩክ ይሠራ በነበረበት ጊዜ የሕንድን አኀዝ ተምሮ፣ በ1202 ዓ.ም. ለነጋዴዎች ጭምር የሚጠቅመውን የስሌት መጽሐፉን፣ በ1220 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ተግባራዊ ጂኦሜትሪ፣ ይኸውም በአብዛኛው ስለ መሬት ልኬት የሚናገረውን መጽሐፍ ጻፈ። ሁለቱን ዕውቀቶች በአንድ ጥራዝ አጠቃልሎ ያሳተመው ግን ሉካ ፓቾሊ ነው። በ1494 ዓ.ም. በቬኒስ የታተመው ትልቁ መጽሐፉ ሁለትዮሽ የሒሳብ አመዘጋገብን በማብራራቱ በሒሳብ ባለሙያዎች ዘንድ ዝነኛ ሆኗል፤ በዚያው ጥራዝ ውስጥ ተግባራዊ ጂኦሜትሪ መኖሩን ግን እነዚሁ ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ አያነሡትም።

የእንግሊዝኛው የሙያ ስም ደግሞ ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው። «ሰርቬይ» የሚለው ቃል ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ሲሆን የመነሻ ፍቺው ከላይ ሆኖ ማየት፣ መቆጣጠር ማለት ነው። ስለዚህ በእንግሊዝ አገር «ሰርቬየር» የሚባለው መሬት የሚለካው ሰው ብቻ አይደለም፤ የርስት አስተዳዳሪውም፣ የሕንፃ ሥራ መጠንና ወጪ የሚያሰላውም፣ የቤትና የመሬት ዋጋ የሚገምተውም በዚሁ ስም ይጠራል። በ1868 በለንደን የተመሠረተውና በ1881 ንጉሣዊ ቻርተር ያገኘው የሰርቬየሮች ማኅበር እነዚህን ሁሉ በአንድ ላይ አቅፎ ኖሯል። ቅየሳን ከንግድ ጋር ማጥናት ለእንግሊዙ ተማሪ እንግዳ የማይሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ስሙ ራሱ ሁለቱን አዝሏል። ወደ አማርኛ ስንመጣ ግን ይህን ሁሉ የሚሸከም አንድ ቃል የለንም። «ቀያሽ» ስንል የሚታየን ችካል የሚተክለውና በመሣሪያ የሚያነጣጥረው ሰው ብቻ ነው። የሕዝብን አስተያየት ለማወቅ የሚደረገውን «ሰርቬይ» ደግሞ «የዳሰሳ ጥናት» ብለነዋል። እንግሊዝኛው ከላይ ሆኖ ሲያይ አማርኛው በእጁ ይዳስሳል፤ ከሁለቱ የትኛው ለእውነቱ እንደሚቀርብ አንባቢ ይፍረድ።

አሁን ወደ አማርኛው ሥረ ቃላት እንግባ። አማርኛ መለካትን በአንድ ግስ አይጠራም። ርዝመት ይለካል፤ እህል ይሰፈራል፤ ቡና ወይም ወርቅ ይመዘናል፤ ዋጋ ይተመናል ወይም ይገመታል፤ መንገድና የቤት ቦታ ይቀየሳል። ከእነዚህ ግሶች እያንዳንዱ ከገበያና ከማሳ ተነሥቶ ረቂቅ ፍቺ ያለው ዘመናዊ ቃል ወልዷል። ከ«ለካ» የተገኘው «ልክ» መጠንም ትክክልም ሆኗል፤ «ልክ ነው» የምንለው እውነት ነው ለማለት ነው። ከ«ሰፈረ» «መስፈርት» መጣ፤ «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይል የነበረው ገበሬ ዛሬ በመሥሪያ ቤት «መስፈርቱን አላሟላህም» ይባላል። ከ«መዘነ» «ምዘና» እና «ሚዛናዊ»፣ ከ«ተመነ» «ተመን» ወጡ። ግንበኛው የግድግዳውንና የወለሉን ቅንነት የሚያረጋግጥበት «ውሃ ልክ» ሳይቀር ዛሬ በጋዜጣ ላይ የአሠራር መለኪያ ሆኖ ይገኛል። እንግሊዞችም በዚህ ረገድ ከእኛ አይለዩም። ዛሬ የንግድ ድርጅቶች አፈጻጸማቸውን ከሌላው ጋር የሚያነጻጽሩበት «ቤንችማርክ» መጀመሪያ ቀያሾች የከፍታ መነሻ እንዲሆናቸው በድንጋይ ላይ የሚቀርጹት ምልክት ነበር።

«ቀየሰ» የሚለው ግስ በተለይ ትኩረት ይሻል። ሦስቱ ተነባቢዎች በዐረብኛው «ቂያስ» ውስጥ እንዳሉ ይገኛሉ፤ በዚያ ቋንቋ ቃሉ ልኬት ማለት ሲሆን፣ በሰዋስው ሊቃውንት ዘንድ ደግሞ አንዱን ቃል በሌላው አምሳያ መሥራትን፣ እኛ የቋንቋ ሰዎች ዘወትር የምንሠራበትን የማነጻጸር ዘዴ ያመለክታል። በአማርኛ «ቅያስ» የመንደርና የጎዳና አቀማመጥ ነው። ይሁን እንጂ ግሱ በሜዳ አልቀረም፤ «ስልት ቀየሰ»፣ «ዘዴ ቀየሰ» የሚሉት አገላለጾች ዛሬ ከቀያሾች ይልቅ በሥራ አስኪያጆች አንደበት የሚዘወተሩ ናቸው።

በሌላው ወገን «ንግድ» አለ። በግእዝ «ነገደ» ተጓዘ ማለት ነው፤ «ነጋዲ» መንገደኛም ተሳላሚም ነጋዴም ሊሆን ይችላል። ከዚሁ ሥር «እንግዳ» እና «መንገድ» ወጥተዋል። ጥንት ነጋዴ የሚባለው ሱቅ ከፍቶ የሚቀመጠው ሳይሆን አጋሰስ ጭኖ አገር የሚያቋርጠው ሰው እንደ ነበረ ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። እንግዲህ «መንገድ ቀየሰ» የሚለውን ተራ ሐረግ ብንፈታው በስሙ ውስጥ የንግድን ሥር፣ በግሱ ውስጥ የልኬትን ሙያ እናገኛለን። ሁለቱ ትምህርቶች በአንድ ፕሮግራም ይገናኙ ዘንድ ዩኒቨርሲቲ እስኪመሠረት አልጠበቁም።

ሆኖም የእነዚህ ቃላት ዋና ታሪክ የሚገኘው በሥርወ ቃል ውስጥ ሳይሆን በመሬትና በግብር ታሪክ ውስጥ ነው። ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በደቡብ፣ በምሥራቅና በምዕራብ በተያዙት አገሮች መሬት በቀላድ ይለካ ጀመር። ቀላድ በክንድ ተቆጥሮ የሚዘጋጅ፣ ርዝመቱ ወደ 66 ሜትር የሚጠጋ ገመድ ነበር። ክንድ እንደ ሰዉ ቁመት የሚረዝምና የሚያጥር በመሆኑ የለኪው ማንነት ለባለመሬቱ ቀላል ነገር አልነበረም። (በእንግሊዝ አገር ኤድመንድ ጉንተር በ1620 ያስተዋወቀው የቀያሾች ሰንሰለት ርዝመቱ 66 ጫማ ነው፤ ቁጥሩ መመሳሰሉ አጋጣሚ ብቻ ቢሆንም ተማሪዎችን ያስቃል።) በቀላድ የሚለካው ዋናው የመሬት መጠን ጋሻ ተባለ። ስሙ የጦር መሣሪያ ስም መሆኑ አያስገርምም፤ መሬቱ ለወታደር በደመወዝ ምትክ ይሰጥ ነበርና። ዛሬ ጋሻን በ40 ሄክታር ማስላት የተለመደ ነው፤ በዘመኑ ግን ስፋቱ እንደ አገሩና እንደ መሬቱ ለምነት ይለያይ ነበር። ለቋንቋ ተመራማሪ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ ጋሻ የስፋት መለኪያ ብቻ አልነበረም፤ ስፋትን፣ ለምነትንና የሚከፈለውን ግብር በአንድ ቃል አጠቃልሎ የያዘ ስም ነበር።

ይህም በሕግ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው ድንጋጌ የተለካውን መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ከፍሎ በየጋሻው 15፣ 10 እና 5 ብር ግብር ደነገገ። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ አሥራት ተጨምሮበት በቅደም ተከተል 50፣ 40 እና 15 ብር ሆነ። «ለም ጠፍ» የሚለውን ቃል የዛሬ ተርጓሚ የአፈር ዐይነት አድርጎ ቢተረጉመው ግማሹን ብቻ ተረጎመ ማለት ነው፤ ቃሉ የአፈርም የግብርም መደብ ነበር። ለኪው «ይህ ለም ነው» ሲል የሚናገረው እንደ ግብርና ባለሙያ ብቻ ሳይሆን እንደ ገማችም ጭምር ነበር። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ በሁለት ስም የሚጠሩት ልኬትና ግምት በዚያን ጊዜ በአንድ ሰው አፍ በአንድ ቃል ይፈጸሙ ነበር።

መሬታቸው ያልተለካባቸው እንደ ጎጃም፣ በጌምድርና ትግራይ ያሉ የርስት አገሮች ስለ ቀላድ የነበራቸው ስሜት የተለየ ነው። በእነዚህ አካባቢዎች መሬት በጥማድ፣ ማለትም አንድ ጥማድ በሬ በቀን በሚያርሰው መጠን፣ ይነገር ነበር፤ በሄክታር ሲገመት አብዛኛውን ጊዜ ሩብ ያህል ነው። ጥማድ የሥራ መለኪያ ነው፤ ቀላድ ግን የገዥ መለኪያ ሆኖ ታየ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ በጎጃም ዐመፅ ከተነሣባቸው ምክንያቶች አንዱ ግብሩ የመሬት ልኬትን አስከትሎ ርስታችንን ያሳጣናል የሚል ስጋት ነበር። ስለዚህ «ልኬታ» እና «ቀላድ» በመዝገበ ቃላት ተመሳሳይ ፍቺ ቢሰጣቸውም በሕዝብ ጆሮ ክብደታቸው አንድ አልነበረም። የቃላት አዘጋጅ ፍቺን እንጂ ስጋትን መመዝገብ አልለመደም፤ በእኔ አስተያየት ግን እንዲህ ባለ ቃል ሥር የአጠቃቀም ማስታወሻ ሳይጻፍ ማለፍ የሥራ ጉድለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሁለቱን ሙያዎች ያስተሳሰረው ቃል «ትርፍ» ነው። በገበያ ትርፍ ማለት ከዋናው በላይ የተገኘ ገንዘብ ነው፤ ለነጋዴው ደስታ ነው። በመሬት ልኬት ዘንድ ግን ባለመሬቱ በስሙ ከተጻፈለት ጋሻ በላይ ይዞ ሲገኝ ያ ብልጫ «ትርፍ መሬት» ይባልና መንግሥት ሊወስደው ይችል ነበር፤ እንግዲህ ያው ቃል ለባለመሬቱ የእጦት ምልክት ሆነ። ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 31 የሕዝብ ንብረት ከሆነ በኋላ፣ በሐምሌ ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና «ትርፍ ቤትን» የመንግሥት ንብረት አደረገ። አንድ ሰው ለመኖሪያው ከሚፈቀድለት አንድ ቤት በላይ ያለው ሁሉ ትርፍ ተባለ። ያ ቤት በአከራዩ መዝገብ ትርፍ የሚያስገኝ ሀብት ነበር፤ በአዋጁ ቋንቋ ደግሞ ከልክ ያለፈ ይዞታ። ሕግ አርቃቂዎቹ የመረጡት ቃል ከነጋዴው መዝገብ ሳይሆን ከለኪው ገመድ የመጣ እንደ ነበረ ልብ ይሏል። ዛሬ «ትርፍ ሰዓት» እና «ትርፍ አንጀት» ስንል ማንም አይደነግጥም፤ በዕድሜ ገፋ ያሉ የከተማ ሰዎች ፊት «ትርፍ ቤት» ሲባል ግን ቃሉ አሁንም ያስተክዛል።

የትርፍ ተቃራኒ የሆነው «ኪሳራ» ከዐረብኛ የመጣ የነጋዴዎች ቃል ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጡት ሕጎች ውስጥ ቃሉ ሁለት ሥራ ተሰጠው፤ በንግድ ሕጉ ዕዳውን መክፈል ያቃተውን ነጋዴ ሁኔታ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ «የጉዳት ኪሳራ» ተብሎ ለተበዳይ የሚከፈለውን ገንዘብ እንዲያመለክት ሆነ። ስለዚህ ዛሬ «ኪሳራ ደረሰበት» እና «ኪሳራ ተከፈለው» በአንድ ገጽ ላይ ሊገኙ ይችላሉ። «ሒሳብ» የሚለውም ቃል ታሪክ አለው። ከግእዙ «ሐሰበ» «ሐሳብ» ወጥቶ በባሕረ ሐሳብ የዘመን ስሌትን ሲያመለክት ኖሯል፤ «ሒሳብ» ደግሞ በድምፁ የዐረብኛውን መልክ ይዞ በገበያ በኩል ገባ። ውጤቱ መልካም ነው፤ የሚያስበውና የሚያሰላው ሰው በአንድ ሥር ሳሉ በድምፅ ተለያዩ። እንዲህ ያለው ክፍፍል በአካዳሚ ውሳኔ የሚገኝ አይደለም።

የሁለቱን ሙያዎች ቃላት ለመሰብሰብ የተደረገው ጥረትም ሊወሳ ይገባዋል። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ባሳተሙት «ዝክረ ነገር» ስለ መሬት ሥሪትና ስለ ግብር ብዙ መረጃ ሰብስበዋል። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የገብረ ወልድ እንግዳ ወርቅ «የኢትዮጵያ መሬትና ግብር ስም» ወጣ። የመጽሐፉን ርእስ ልብ እንበል፤ መሬትና ግብር በአንድነት፣ ከዚያም «ስም»። ደራሲው የቃላት ባለሙያ ነኝ ባይሉም የሠሩት ሥራ በእኛ ሙያ ዐይን ሲታይ ልዩ መዝገበ ቃላት ነው፤ መሬትን ያለ ክፍያው፣ ክፍያውንም ያለ መሬቱ መጥራት እንደማይቻልም በርእሱ ብቻ ያስረዳል። በንግዱ በኩል ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ስለ ሀብት፣ ስለ ገንዘብና ስለ ንግድ በአማርኛ መመራመር እንደሚቻል ያሳየ ሥራ ነው። ደራሲው በድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው፤ የጉምሩክን ነገር ያውቁት የነበረው በንባብ ብቻ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ የሆነው መለያየት ነው። በአዲስ አበባ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም.፣ የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ በ1945 ዓ.ም. ተቋቋሙ። ሁለቱም ያስተምሩ የነበረው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነበር። «ንግድ ሥራ» የሚለው ጥምር ቃል በትምህርት ቤቱ ስም አማካይነት ተስፋፍቶ «ቢዝነስ» ለሚለው ሰፊ ፅንሰ ሐሳብ አቻ ሊሆን በቃ፤ «ንግድ» ብቻውን ለመግዛትና ለመሸጥ ቀረ። በቅየሳ በኩል ግን በጽሑፍ «ቀያሽ» ቢባልም በሥራ ቦታ «ሰርቬየር» አሸነፈ። እንዲህ ሆኖ ሁለት ተማሪዎች በአንድ ከተማ ተምረው፣ አንዱ የሌላውን ቃል ሳይሰማ ይመረቅ ነበር። ሙያዎቹን እንደገና የማቀራረቡ ሥራ የተጀመረው ዘግይቶ ነው፤ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የመሬት አስተዳደር ተቋም ቅየሳን ከመሬት አስተዳደርና ከሕግ ጋር ማስተማሩ ለዚህ ምሳሌ ነው።

ሙያዎቹ በትምህርት ቤት ቢለያዩም ቃላቱ ግን በከተማ ጎዳና መገናኘታቸውን አላቋረጡም። «ካርታ» ከጣልያንኛ የመጣ ቃል ነው። የመጫወቻ ካርታም፣ የአገር ካርታም ሆነ። ይሁንና ዛሬ አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ «ካርታ አለኝ» ሲል የሚናገረው ስለ መልክዐ ምድር አይደለም፤ የይዞታ ማረጋገጫ ሰነድ አለኝ ማለቱ ነው። «ካርታውን ባንክ አስያዘ» ሲባልም የቀያሹ ሥራ ውጤት የብድር ማስያዣ ሆነ ማለት ነው። ከአንድ የውጭ ቋንቋ ወደ አማርኛ የተተረጎመ አንድ የሥልጠና ጽሑፍ «ተማሪው ካርታ ማዘጋጀት ይችላል» የሚል ዐረፍተ ነገር ይዞ አንብቤያለሁ። አንባቢው ሰልጣኙ የቤት ባለቤትነት ሰነድ ሊሰጥ ሥልጣን አለው ብሎ ቢረዳ ጥፋቱ የማን ነው? «የመሬት ገጽ ካርታ» ወይም «የይዞታ ካርታ» ብሎ መለየት አንድ ቃል ያስጨምራል እንጂ ሌላ ወጪ የለውም።

ሁለቱን ትምህርቶች አጣምሮ የሚያጠና ሰው የሚያገኘው እጅግ ማራኪ ተመሳሳይነት በ«መዝጋት» ላይ ነው። የሒሳብ ሠራተኛው በዓመቱ መጨረሻ ሒሳብ ይዘጋል፤ በሁለቱ ዐምዶች የተጻፈው ድምር እኩል መሆን አለበት። ቀያሹም ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ በየችካሉ እየለካ ዞሮ ወደ ተነሣበት ሲመለስ ዙሪያውን ይዘጋል፤ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ፣ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የሄደው ሁሉ ተደምሮ ዜሮ መምጣት አለበት። ሥነ አመክንዮው አንድ ነው፤ ሥራው ራሱን በራሱ ይፈትሻል። ልዩነቱ የሚጀምረው ድምሩ እኩል አልመጣ ሲል ነው። የቀያሹ ልዩነት በደንቡ ከተፈቀደው መጠን ካላለፈ እንደየርቀቱ ተመጣጥኖ ለሁሉም መሥመሮች ይከፋፈላል፤ ናትናኤል ቦዲች በ1808 ያቀረበው ዘዴ ለዚህ ዛሬም ያገለግላል። መሣሪያም ዐይንም ፍጹም ስላልሆኑ ልዩነት መኖሩ የሚጠበቅ ነውና ማንም አይወቀስም። የሒሳብ ሠራተኛው ግን ልዩነቱን ለሁሉም መዝገብ አካፍሎ ሊያጠፋው አይችልም፤ ምንጩን ፈልጎ ማግኘት ግዴታው ነው። በገንዘብ ያዥ እጅ የተገኘ እንደሆነ ስሙ «ጉድለት» ይባላል፤ «ጉድለት ተገኘበት» የተባለ ሰው በመሥሪያ ቤትና በፍርድ ቤት ምን እንደሚጠብቀው የታወቀ ነው።

እንግዲህ ተርጓሚው ለቀያሹ የመዝጊያ ልዩነት «ጉድለት» የሚለውን ቃል ቢሰጥ ያለ በደሉ የወንጀል ሽታ ይቀባዋል። «ስሕተት» ቢባልም ከዚህ ብዙ አይሻልም፤ በአማርኛ ስሕተት የሠሪውን ጥፋት ያመለክታልና። በእኔ ግምት «የመዝጊያ ልዩነት» የሚለው ለቅየሳ ተመራጭ ነው፤ «ጉድለት» ለገንዘብ ይቅር። በተመሳሳይ መንገድ በእንግሊዝኛ በአንድ ስም የሚጠሩትን ሦስት ሰዎች በሦስት ስም መለየት ያስፈልጋል፤ መሬት የሚለካውን «ቀያሽ»፣ የንብረት ዋጋ የሚያወጣውን «ገማች»፣ የሕንፃ ሥራን ብዛትና ወጪ የሚያሰላውን «የሥራ መጠን ተማኝ»። የመጨረሻው ረዘም ማለቱን አልክድም፤ በሥራ ቦታ «ኳንቲቲ ሰርቬየር» መባሉም አይቀርም። ነገር ግን «ኳንቲቲ ቀያሽ» ከሚለው፣ ግማሹ ተተርጉሞ ግማሹ ከተተወው ቃል፣ ሙሉ ተውሶ እንኳ ይሻላል።

«ካዳስተር» በተውሶ መግባቱን ግን አልቃወምም። ከቢዛንታይን ግሪክ የመነጨው ይህ ቃል መጀመሪያ መሥመር በመሥመር የተጻፈ የግብር መዝገብ ማለት ነበር፤ ፍሎረንስ በ1427 የነዋሪዎቿን ሀብት ያስመዘገበችበት ታላቅ መዝገብም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። እንዲህ ከሆነ ቃሉ ከመነሻው የመዝገብ እንጂ የገመድ ቃል አልነበረም፤ ልኬት የተጨመረበት በኋላ ነው። በአገራችን በ2006 ዓ.ም. የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 ሲወጣ «ሕጋዊ ካዳስተር» የሚለው አገላለጽ በሕግ ቋንቋችን ቦታ ያዘ። «የመሬት መዝገብ» ብንለው ካርታው፣ «የመሬት ካርታ» ብንለው መዝገቡ ይቀራል።

አንድ ቃል ግን እንደ ካዳስተር በቀላሉ ሊገባ አይችልም። በውጭ አገር የቅየሳና የንግድ ሥራ መማሪያ መጻሕፍት «የመሬት ገበያ»፣ «የመሬት ዋጋ»፣ «የመሬት ባለቤት» የሚሉት ተራ ቃላት ናቸው፤ በአሜሪካ የ1785ቱ የመሬት ድንጋጌ ራሱ መሬቱን የሸነሸነው ሊሸጠው ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ግን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል፤ ዜጋው የሚኖረው ይዞታና የመጠቀም መብት፣ በላዩም ያፈራው ንብረት ነው። ስለዚህ በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ «የመሬት ባለቤት» የሚለውን እንዳለ አስገብቶ ለአገር ውስጥ ሰልጣኝ የሚያቀርብ ተርጓሚ፣ ነገ ያ ሰልጣኝ ገበሬ ፊት ቆሞ የካሳ ግምት ሲያስረዳ በሕግ የሌለ መብት ተስፋ እንዲሰጥ ወይም ያለውን መብት እንዲያሳንስ ያደርገዋል። «ባለይዞታ» ከ«ባለቤት»፣ «የመጠቀም መብት ዝውውር» ከ«የመሬት ሽያጭ»፣ «የንብረት ግምት» ከ«የመሬት ዋጋ» መለየት አለባቸው። መጽሐፉ ስለ ሌላ አገር የሚናገር ከሆነ ደግሞ ባለቤቱን ባለቤት ብሎ ትቶ ቃሉ የዚያን አገር ሕግ እንደሚከተል በግርጌ ማመልከት ይገባል።